በስልክ ውስጥ የተቀመጠው ደላላ ለማን ይሠራል?

የማኅበራዊ ሚዲያ አልጎሪዝም ለዳባትና ለደባርቅ ነጋዴ የሚያሳየውና የማያሳየው

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚያመራው አውራ ጎዳና ከአምባ ጊዮርጊስ አንሥቶ ዳባትንና ደባርቅን ይዞ እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚዘልቀው ደጋ በገብሱ፣ በባቄላው፣ በድንቹና በነጭ ሽንኩርቱ ይታወቃል። ከአካባቢው የሚነሣው ምርት በጎንደር በኩል ወደ ሌሎች ከተሞች ገበያ የሚሄድ ሲሆን፣ የቢራ ገብሱ ደግሞ ለብቅል ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ይህን ንግድ ከጥንት ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ከብር ቀጥሎ ወሬ ነው። ዋጋው የት ደረሰ? መንገዱ ክፍት ነው? የጭነት መኪና ይገኛል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጡ የነበሩት ሾፌሩ፣ የእህል በረንዳው ደላላና ከጎንደር የተመለሰው ነጋዴ ነበሩ።

ጥያቄዎቹ ዛሬም እነዚያው ናቸው። መልስ ሰጪው ግን ተለውጧል። ነጋዴው ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ስልኩን ይከፍታል፤ ፌስቡኩን፣ ቲክቶኩን፣ ዩቲዩቡን ወይም ቴሌግራሙን ያያል። በአብዛኛው የሚያየውን የመረጠው ግን እርሱ አይደለም። ሊቀርቡለት ከሚችሉት እጅግ ብዙ ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች መካከል የትኛው ከላይ እንደሚወጣና የትኛው ከታች እንደሚቀር የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባለው የኮምፒዩተር ስሌት ነው። በንግዱ ቋንቋ ሲተረጎም አልጎሪዝም ማለት በወሬና በሰሚ መካከል የገባ ደላላ ማለት ነው።

ነጋዴ ደላላን አይጠላም። ያለ ደላላ የሚሠራ ገበያ ጥቂት ነው። ይሁንና ልምድ ያለው ነጋዴ አዲስ ደላላ ሲመጣለት ሦስት ነገር ያጣራል። በምን እየመረጠ ነው የሚያገናኘው? ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማነው? ካላዋጣስ እንዴት ይሰናበታል? እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ለስልኩ ደላላም መቅረብ ይኖርባቸዋል።

ደላላው በምን ይመርጣል?

ፌስቡክ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚመጣው ገጽ ጽሑፎችን በወጡበት ሰዓት ቅደም ተከተል አይደረድርም። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጥና ብዙ ነጥብ ያገኘውን ከላይ ያስቀምጣል። ነጥቡ የሚሰላው በግምት ነው። ተጠቃሚው ይህን ቢያይ ላይክ ያደርጋል? አስተያየት ይጽፍበታል? ለሌላ ያስተላልፈዋል? ስንት ሰኮንድ ይቆይበታል? ለግምቱ መነሻ የሚሆነው ደግሞ ተጠቃሚው ትናንትና ከትናንት በስቲያ ያደረገው ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ባደረገው ለውጥ በሰዎች መካከል ብዙ ንግግር ለሚያስነሡ ጽሑፎች ቅድሚያ መስጠት ጀመረ። ዓላማው ወዳጅና ቤተ ዘመድ እንዲቀራረብ ነው ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ንግግር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ ቁጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ጨምሮ የስሜት ምልክቶች ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። የቁጣው ምልክት ነጥብ ወደ ዜሮ የወረደው በሴፕቴምበር 2020 ነው።

ቲክቶክ በበኩሉ ትልቅ ግምት የሚሰጠው ቪዲዮው ለምን ያህል ጊዜ እንደታየና እስከ መጨረሻው መታየቱን ነው። ምንም ሳይጫን፣ ምንም ሳይጽፍ ዝም ብሎ የተመለከተ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ሰጥቷል። ዩቲዩብም ተጠቃሚው ያያቸውን ቪዲዮዎች መዝግቦ ይይዝና ተመሳሳዩን ያቀርባል።

ቴሌግራም ከእነዚህ ይለያል። ማስታወቂያና የቻናል ጥቆማ አልፎ አልፎ ቢያሳይም፣ የቴሌግራም ቻናሎች መልእክታቸውን የሚያሳዩት በወጡበት ሰዓት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ የአገራችን ነጋዴዎች ለሥራ የመረጡትም ያለ ምክንያት አይደለም። የቴሌግራም ችግር ሌላ ነው። ቻናሉን የከፈተው ሰው ራሱ ሻጭ ወይም ገዢ ሊሆን ይችላል። በመጋዘኑ ምርት ያከማቸ ሰው ዋጋ ሊወጣ ነው ብሎ ቢጽፍ ሊገርም አይገባም።

ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማነው?

ፌስቡክና ኢንስታግራም የሜታ ኩባንያ ናቸው። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ካስገባው ከ164 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ውስጥ ከ160 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው የተገኘው ከማስታወቂያ ነው። ነጋዴው ለፌስቡክ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። የሚከፍለው አስተዋዋቂው ሲሆን፣ የሚገዛውም የነጋዴውን ዓይንና ጊዜ ነው። ስለዚህ ነጋዴው በዚህ ገበያ የሚቀርበው እንደ ሸቀጥ ነው።

ይህን መገንዘብ ደላላውን ለመጥላት ሳይሆን ልኩን ለማወቅ ይረዳል። ደላላው ከነጋዴው ጋር ጠብ የለውም። የዳባት ነጭ ሽንኩርት ዋጋ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ለእርሱ ለውጥ የለውም። ነጋዴው ተደሰተም ተቆጣም፣ ከሰረም አተረፈም፣ ስልኩ ላይ እስከቆየ ድረስ ኮሚሽኑ ይታሰብለታል። የሚያሳየው ነገር እውነት ይሁን ውሸት፣ የዛሬ ይሁን የባለፈው ሳምንት፣ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ብዙም አይገባም።

ሦስት ጉድለቶች

ይህ አሠራር በሸቀጥ ገበያ ላይ ሲያርፍ ሦስት ጉድለቶች ጎልተው ይታያሉ።

የመጀመሪያው ቀን አለመጠበቁ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት ሳቢያ መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ አለ። መንገድ ተዘጋ የሚል ጽሑፍ በመቶ የሚቆጠር አስተያየት ያገኛል። ከሦስት ቀን በኋላ መንገዱ ተከፈተ የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ የሚጽፍበት ሰው ጥቂት ነው። አልጎሪዝሙ ነጥብ ቆጥሮ የቆየውን ከላይ፣ አዲሱን ከታች ሊያስቀምጥ ይችላል። ደባርቅ ላይ ድንች ጭኖ የተዘጋጀ ነጋዴ ያለፈውን ወሬ የዛሬ አድርጎ ሲያነብ ጭነቱን ያራግፋል፤ ወይም በዚያው ወሬ ሰበብ ዋጋ ለሚያስወርድ ገዢ ይለቃል። ተቃራኒውም አለ። የተዘጋውን ክፍት ነው ብሎ መኪናውን የላከ ሰው አደጋው ከዋጋም ያልፋል።

ሁለተኛው የጮኸውን እንጂ የረጋውን አለማሳየቱ ነው። የዛሬው የገብስ ዋጋ ከትናንቱ አልተለወጠም የሚል ወሬ ለነጋዴ ትልቅ ዋጋ አለው። ነገር ግን የሚያስቆጣ፣ የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስደስት ነገር ስለሌለበት ማንም አይቀባበለውም። በዚህም ምክንያት ስልኩን ብቻ የሚያይ ሰው ገበያው ሁልጊዜ ሲነድ ወይም ሲወድቅ ይታየዋል። ገበያው በአብዛኛው ቀን የሚያዘግም መሆኑን የሚያውቀው በረንዳው ላይ የዋለ ነው።

ሦስተኛው የወደዱትን መልሶ መስጠቱ ነው። ነጭ ሽንኩርት በመጋዘን ያስቀመጠ ሰው ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ቪዲዮ ቢያይ እስከ መጨረሻው ይመለከተዋል። በማግሥቱ ሁለት ይቀርቡለታል፤ በሳምንቱ ገጹን ይሞሉታል። ነጋዴው ሰው ሁሉ በአንድ ቃል የተስማማ ይመስለዋል። የተስማማው ግን የራሱ ጣት ከራሱ ምኞት ጋር ነው።

ኪሳራው በቁጥር ሊታይ ይችላል። ለማስረዳት ያህል በ40 ኩንታል ነጭ ሽንኩርት እናስላ። ባለቤቱ ዋጋው ሊወድቅ ነው የሚለውን ደጋግሞ አይቶ ከዕለቱ ገበያ በኩንታል 1,500 ብር አውርዶ ቢለቀው በአንድ ቀን 60,000 ብር ያጣል። ሊጨምር ነው የሚለውን አምኖ ቢያቆየውና ሽንኩርቱ ደርቆ ከክብደቱ 10 በመቶ ቢቀንስበት ደግሞ 4 ኩንታል ይጎድልበታል። ይህን ጉድለት ብቻ ለመሸፈን ዋጋው ከ11 በመቶ በላይ መጨመር ይኖርበታል። የመጋዘን ኪራይና የታሰረው ገንዘብ ወለድ ገና አልተቆጠረም።

ከሦስቱ ጉድለቶች የሚመነጭ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ትልቁ ጥቅሙ ለቡናና ለሰሊጥ ነጋዴ ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ በአንድ ሰሌዳ ማሳየቱ ነበር። ድንችና ነጭ ሽንኩርት እንዲህ ያለ ሰሌዳ የላቸውም። ሰሌዳውን የተካው የየሰው ስልክ ሲሆን፣ የሁለት ሰዎች ስልክ አንድ ዓይነት ነገር አያሳይም። ከጃናሞራ ምርቱን ይዞ የወጣው ገበሬና ደባርቅ ላይ የሚጠብቀው ገዢ ሁለት የተለያየ ገበያ አይተው ይገናኛሉ። ክርክሩ የሚረዝመውም፣ አንዱ ሌላውን አታላይ የሚለውም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የዶላሩ ሰሞንና የአትክልት ተራው ቪዲዮ

የስልኩ ደላላ በዋጋ ላይ ያለው ጉልበት በግልጽ የታየው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ገደማ ወጣ። ይህ እውነተኛና ትልቅ ለውጥ ነበር። መንግሥት በዚያ ሰሞን ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል ባላቸው ነጋዴዎች ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቋል። ባንኮች የየዕለቱን የምንዛሪ ተመናቸውን በይፋ የሚያወጡ ሲሆን፣ ያን ያህል ስሜት የማይቀሰቅሰውን ይህን ቁጥር በጩኸት ከተሞላ ገጽ ላይ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው። ሄዶ ማየት ያስፈልጋል።

የቆየ ቪዲዮን ለመለየት የሚረዳ አንድ የገበያ ምልክትም አለ። የአዲስ አበባ የአትክልት ጅምላ ገበያ ከፒያሳው አትክልት ተራ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። እንግዲህ የዛሬ የሽንኩርት ዋጋ በሚል ርዕስ የቀረበ ቪዲዮ የፒያሳውን ጅምላ ገበያ ግርግር የሚያሳይ ከሆነ ዕድሜው ከዚያ በፊት ነው። አልጎሪዝሙ ይህን አይለይም። ገበያውን የሚያውቅ ነጋዴ ግን በአንድ እይታ ይለየዋል።

ከገንዘብ በላይ የሆነ ኪሳራ

የዚህ ደላላ ጉዳት በብር ብቻ አይለካም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር በመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከግድያው በፊት ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ፣ የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ወጥተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜው ምላሽ እንዳላገኘ ይገልጻል።

አብርሃም መዓረግ፣ የሰብአዊ መብት ተመራማሪው ፍስሐ ተክሌና ካቲባ ኢንስቲትዩት የተባለው የኬንያ ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል ኩባንያው ጥላቻንና ዓመፅን የሚያራግበውን የአልጎሪዝም አሠራር እንዲለውጥና ለተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሆነ የካሳ ፈንድ እንዲቋቋም የሚለው ይገኝበታል። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት በእርሱ ላይ ሥልጣን የለውም ሲል ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል።

ይህ ጉዳይ ነጋዴውን በቀጥታ ይመለከተዋል። በግጭት ወቅት አንድን ነጋዴ ምርት ደባቂ ወይም የእገሌ ወገን አቅራቢ ብሎ ከነስሙና ከነሱቁ የሚለጥፍ ጽሑፍ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ያየ ሰው ውሸት ነው ብሎ ከሥሩ ቢጽፍ እንኳ ለአልጎሪዝሙ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ሰጠ ማለት ነው፤ የተቃወመውን ነገር ከፍ ያደርገዋል። ትክክለኛው መንገድ ምንም ሳይጽፉና ለሌላ ሳያስተላልፉ ለኩባንያው ሪፖርት ማድረግ፣ የተወነጀለውንም ሰው በስልክ ማስጠንቀቅ ነው።

የደባርቅ ሌላው ሸቀጥ

ደባርቅ ከእህልና ከአትክልት ሌላ የምትሸጠው ነገር አላት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆይቶ ከዚያ ወጥቷል። ጎብኚ ወደ ፓርኩ የሚገባው ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ በመሆኑ አስጎብኚው፣ ጥበቃው፣ ባለበቅሎው፣ ምግብ አብሳዩና ባለሆቴሉ ከዚህ ገቢ ይተዳደራሉ።

የዚህ ሸቀጥ ገዢ በሌላ አገር ተቀምጦ በራሱ ስልክ ውስጥ የራሱን ደላላ ያያል። ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት አንድ ቪዲዮ አይቶ የቆየ ሰው ሌላም ይጨመርለታል። ጭላዳና ዋልያ ያየም እንዲሁ። ሁለቱም የአገሪቱን ሙሉ ሁኔታ አያውቁም። የደባርቅ አስጎብኚ ይህን ሊለውጥ የሚችለው ከደላላው ጋር በመጯጯህ አይደለም። በቀድሞ ደንበኞቹ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር መዝገብ ይዞ፣ የመንገዱንና የአካባቢውን ትክክለኛ ሁኔታ ከነቀኑ በቀጥታ ቢጽፍላቸው ይሻለዋል። ሁኔታው አስጊ በሆነ ጊዜም አስጊ ነው ብሎ የጻፈ ሰው በኋላ ሰላም ነው ሲል ይታመናል።

ከደላላው ጋር እንዴት ይዋዋሏል?

አልጎሪዝሙን ፈጽሞ ማዘዝ አይቻልም። ውል ማስገባት ግን ይቻላል። ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሠሯቸው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማይነካቸው መቆጣጠሪያዎች አሉ።

አንደኛ፣ በፌስቡክ ሜኑ ውስጥ «ፊድስ» የሚለውን መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 የተጀመረው ይህ ክፍል ተጠቃሚው የሚከተላቸውን ሰዎች፣ ገጾችና ቡድኖች በጊዜ ቅደም ተከተል፣ የቅርቡን አስቀድሞ ያሳያል። «ፌቨሪትስ» በሚለው ደግሞ እስከ 30 የሚደርሱ ሰዎችንና ገጾችን መርጦ ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። ባንኩ፣ የንግድ ቢሮው፣ የመንገድ ሁኔታ የሚያሳውቀው መሥሪያ ቤትና የታመኑ ደንበኞች በዚህ ሊገቡ ይገባል። የሚጮህ ወዳጅን ከወዳጅነት ሳይሰርዙ መከተል ማቆም፣ ወይም ለ30 ቀን ዝም ማሰኘትም ይቻላል፤ ያ ሰው አያውቅም፣ ቅሬታም አይፈጠርም።

ሁለተኛ፣ በቲክቶክ የማይፈለገውን ቪዲዮ በጣት ተጭኖ በመያዝ «ኖት ኢንተረስትድ»፣ ማለትም ፍላጎት የለኝም የሚለውን መምረጥ ነው። በቅንብሩ ውስጥ የተወሰኑ ቃላት ያሉባቸውን ቪዲዮዎች ማጣራትም ይቻላል። ገጹ ከተበላሸ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ማደሻ አለ፤ ያለፈውን ሁሉ ትቶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጣት ነው። የማይረባውን ቪዲዮ ለመሳቅም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው አምጣ ብሎ አዟል።

ሦስተኛ፣ በዩቲዩብ የታዩ ቪዲዮዎችን መዝገብ ማጥፋት ወይም መዝገቡን ማቆም ነው። «ይህን ቻናል አታቅርብልኝ» የሚል ምርጫም አለ። መዝገቡ ጠፍቶ ምዝገባውም ከቆመ ዩቲዩብ የፊት ገጹን በጥቆማ መሙላት ያቆማል፤ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ራሱ ፈልጎ ያያል።

አራተኛ፣ በቴሌግራም ማህደር መክፈት ነው። አንዱ ለዋጋ፣ አንዱ ለመንገድና ለመኪና፣ ሌላው ለቤተሰብና ለጨዋታ ይሆናል። የዋጋው ማህደር ውስጥ ሻጭ የሆነ ቻናልም ገዢ የሆነ ቻናልም ቢገቡ ይመረጣል። ሁለቱ በሚጽፉት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ መረጃ ነው። ሌላውን ሁሉ ድምፅ ማጥፋት ይበቃል።

አምስተኛ፣ የሥራ ስልክን ወይም ቢያንስ የሥራ አካውንትን ከመዝናኛው መለየት ነው። ማታ ለመዝናናት የታየው ጠዋት የዋጋውን ገጽ ይበክላል። ሁለቱን መለየት የሱቅን ገንዘብ ከቤት ወጪ እንደ መለየት ነው።

ስድስተኛውና ዋናው ከስልኩ ስክሪን ውጪ ያለ ደንብ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ በታየ ወሬ ብቻ ገንዘብ አይንቀሳቀስ። ምርት ከመጫኑ፣ ከመለቀቁ ወይም ከመከማቸቱ በፊት ሁለት ስልክ ይደወል፤ አንዱ ምርቱ ወደሚሄድበት ገበያ፣ ሌላው ከዚያ መንገድ ዛሬ ለተመለሰ ሾፌር። ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ቪዲዮ ያነበቡ እንዳይሆን «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ሕጉ እስከምን ይደርሳል?

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚኖር ሰው በዚህ ረገድ የሕግ ድጋፍ አለው። የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆን፣ በተጠቃሚው የግል ጠባይ ላይ ያልተመሠረተ አደራደር ቢያንስ አንድ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያስገድዳቸዋል።

በኢትዮጵያ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሡ ይጠይቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የመጀመሪያው አዋጅ የሚያተኩረው በተጻፈው ነገር ላይ ነው። ጽሑፎች በምን ቅደም ተከተል ይታዩ የሚለው አሁንም በኩባንያዎቹ እጅ ነው። በመሆኑም የዳባት ነጋዴ ሕግ እስኪደርስለት የራሱን ውል ራሱ ቢያስገባ ይሻለዋል።

ሌላም ወሰን አለ። በአገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ለአምስት ወር ተገድበው ነበር። ይህ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ንግዱን በሙሉ በስልኩ ገጽ ላይ ያቆመ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ደላላውንም ደንበኛውንም በአንድ ቀን ያጣል። የደንበኞቹን፣ የሾፌሮቹንና የጅምላ ገዢዎቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የጻፈ ሰው ግን መደወያ መስመር እስካለ ድረስ ይነግዳል።

የደጋው ገብስና ባቄላ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ገበያ የሚወጣበት ወቅት ገንዘብ በብዛት እጅ የሚለውጥበትና ወሬም የሚበዛበት ነው። ከላይ የተዘረዘሩትን መቆጣጠሪያዎች ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የደብተሩ ዋጋም ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ብዙ አይርቅም። ምርቱ ሳይወጣ ይህን ያዘጋጀ ነጋዴ ከገበሬው ፊት ሲቀርብ በስልኩ ያየውን ሳይሆን በሁለት ስልክ ያረጋገጠውን ዋጋ ይዞ ይቀርባል።